መርዶውን ማን ይንገራት፦ ጽሑፉ ወይስ ሙዚቃው? ምክር እሻለሁ

መንገደኛዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለስድስት ዓመት ማስታወቂያና አጫጭር ፊልም ስሠራ ቆይቼ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሜን ልቀርጽ ተቃርቤያለሁ። ጽሑፉ አምስተኛው ረቂቅ ላይ ነው፤ 96 ገጽ። ሁለት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው፤ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ የተመለሱበት። ከድጃ ሰባት ዓመት ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ ከተመላሾቹ ጋር ቦሌ ትወርዳለች። ለማንም ሳትደውል በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ አመሻሽ ላይ ደሴ፣ ከእናቷ ቤት ደጃፍ ትደርሳለች። እናቷ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሞተዋል። ታናሽ ወንድሟ አልነገራትም። በስልክ ስትጠይቅ «ገጠር ወርዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ «ጉሮሮዋን አሟታል» እያለ ሦስት ዓመት ገፍቷል። በምትልከው ገንዘብ የጭቃው ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። መርዶ ደግሞ እንደምታውቁት በምሽት አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ሌሊት መደበቅ አለበት። ፊልሙ ያ ሌሊት ነው።

አንደኛው ጭንቀቴ፦ ንጋት ላይ ወንድሟ ሁሉንም የሚናገርበት ትዕይንት አራት ገጽ ወስዷል። ለምን እንደደበቀ፣ እናታቸው ምን ብለው እንደሞቱ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ። ካነበቡት ሰዎች ግማሾቹ አለቀሱ፤ ግማሾቹ «ረዘመ» አሉኝ።

ሁለተኛው፦ የሙዚቃ ሰው ምርጫ። በአንድ በኩል ስሙን ብጠራ የማታጡት አንጋፋ አቀናባሪ አለ። ፕሮዲውሰሬ እሱን ይፈልጋል፤ ከታዋቂ ድምፃዊ ጋር ማጀቢያ ዘፈን ይሠራና ፊልሙ ከመውጣቱ ከወር በፊት በዩቲዩብ ይለቀቃል። በሌላ በኩል ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከወጣ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ማሲንቆና ፒያኖ የሚጫወት ወጣት አለ። ልቤ ወደ ወጣቱ ነው። በጀቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ደግሞስ አሁን ጽሑፉን ልስጠው ወይስ ቀረጻውና አርትዖቱ ይለቅ?

አሮጌው አርታኢ

ልጄ፣ አራት ገጽ መርዶ ሰምቼ አላውቅም። መርዶ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ አይጨረስም። ሽማግሌው «እንግዲህ ልጄ…» ሲል ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ወንድምየው ያን ሁሉ የሚናገረው ለእህቱ ነው ወይስ ለተመልካቹ? እህቱ በዚያች ደቂቃ ምንም አትሰማም። ለተመልካቹ ከሆነ ደግሞ የሦስት ዓመቱን ታሪክ ሌሊቱ ራሱ ሊነግረው ይገባ ነበር።

ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ሃያ ዓመት ስለተቀመጥሁ ያየሁት ነው። የመጀመሪያውን ቅንብር ያለ ምንም ሙዚቃ እዪው። አርታኢሽ «ለጊዜው» ብሎ ከሌላ ፊልም ሙዚቃ ቢለጥፍልሽ እጁን ያዢው። እኔ በአንድ ሥራ ላይ ይህን ስሕተት ፈጽሜያለሁ። ዳይሬክተሩ ጊዜያዊውን ሙዚቃ ሁለት ወር ሲሰማው ከረመና ወደደው። ከዚያ የሙዚቃ ባለሙያውን ጠርቶ «እንደዚህ ያለ ሥራልኝ፣ ግን እሱን አይሁን» አለው። ልጁ ቅጂ ሠራ፤ ቅጂ ደግሞ ሁልጊዜ ቅጂ ነው።

በዓለም ላይም ሆኗል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለወጣው የጠፈር ፊልሙ አሌክስ ኖርዝን ቀጥሮ ሙዚቃ አስጽፎ ነበር። በመጨረሻ ግን ለጊዜው የለጠፋቸውን የክላሲክ ሥራዎች አስቀራቸው። ኖርዝ ሙዚቃው መውጣቱን ያወቀው ፊልሙን ሊያይ ገብቶ ነው። ለፊልሙ በጅቶታል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃውን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው።

ትኬት ቤት

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን አንድ ሰው የገንዘቡን ነገር ማንሳት አለበት። በስምንት ፊልሞች ላይ በፕሮዲውሰርነት ሠርቻለሁ። ሁለቱ አትርፈዋል። ሁለቱም ፊልሙ ሳይወጣ ዘፈናቸው ታክሲ ውስጥ ይሰማ ነበር። የተቀሩት ስድስቱ መጥፎ ፊልሞች አልነበሩም፤ መኖራቸውን ያወቀ ሰው ግን አልነበረም።

እህቴ፣ ፕሮዲውሰርሽ ጠላትሽ አይደለም። በእኛ ሀገር ማጀቢያ ዘፈን ማለት ፖስተርም፣ ማስታወቂያም፣ አንዳንዴም የፊልሙ ዕድሜ ነው። ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ከወረደ ከዓመታት በኋላ ሰው የሚያስታውሰው ዘፈኑን ነው። ዝምታ ጥሩ ነገር ነው፤ ትኬት ግን አይሸጥም።

ተመላሿ

የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ የማነበው ስለምወድ ብቻ ነው። ይህንን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ጅዳ ሳይሆን ሪያድ ነበርሁ። የእናቴን መርዶ የሰማሁት ከሞተች ከአምስት ወር በኋላ፣ ለዕረፍት በመጣሁ በማግስቱ ነው።

ስለ ሌሊቱ ልንገርሽ። አጎቴ ከአውቶቡስ ተቀብሎኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስልኬን መውሰድ ነው። «ባትሪው አልቋል፣ ልሰካልሽ» አለኝ። አላለቀም ነበር። ሰው እንዳይደውልልኝ ነው። ቤት ስገባ ሁሉም ይስቅ ነበር። እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም፤ በእኛ ቤት ሰው እንደዚያ ጮክ ብሎ አይስቅም። ለብቻዬ አንዲት ደቂቃ አልተውኝም፤ ሽንት ቤት እንኳን የአክስቴ ልጅ ውጭ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እናቴ የት ናት ስል «ታማሚ ልትጠይቅ ሄዳለች፣ ነገ ትመጣለች» አሉኝ። እኔም አመንሁ። አይደለም፣ አላመንሁም። ማመን ፈለግሁ። ያንን ሌሊት አውቄም ሳላውቅም ነው ያደርሁት፤ እንዴት እንደሚገለጽ አላውቅም።

ሙዚቃ አልነበረም። በእርግጥ በእውነተኛ ሕይወት ሙዚቃ የለም። ግን ፊልምሽ ላይ ጎረቤቷ ስትመጣ በማሲንቆ የሚያለቅስብኝ ሰው ካለ ተነሥቼ እወጣለሁ።

ዘ ሲልቨር ስፕሪንግ

በሙያዬ የሙዚቃ ደራሲ ነኝ፤ ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው። ለጥቂት ዘጋቢ ፊልሞችና ለሁለት ረጃጅም ፊልሞች ሠርቻለሁ። ከተመላሿ ጽሑፍ በኋላ ብዙ መናገር ያሳፍራል፤ ግን «አውቄም ሳላውቅም» ያለችው ነገር የዚህ ፊልም የሙዚቃ ጥያቄ በሙሉ ነው።

መንገደኛዋ፣ ከማንም ጋር ከመዋዋልሽ በፊት ይህን መልሺ፦ ሙዚቃሽ የሚያውቀው ማን የሚያውቀውን ነው? ከድጃ የምታውቀውን? ወንድሟ የሚያውቀውን? ከድጃ አውቶቡስ ላይ ሳለች፣ ገና ኮምቦልቻን ሳታልፍ፣ በትዝታ ቅኝት ዋሽንት ከተነፋ፣ ተመልካቹ መርዶውን ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ሰምቷል። ሙዚቀኛሽ መርዶ ነጋሪ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ሰዓቱ።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የሻርክ ፊልም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሙዚቃ ደራሲውን የጆን ዊሊያምስን ሁለት ድምፅ ሁሉም ያስታውሳል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ልጆቹ በካርቶን ክንፍ ሰውን ሲያስደነግጡ ሙዚቃው አለመምጣቱን ነው። ሙዚቃው አይዋሽም፤ እውነተኛው ዓሣ ሲኖር ብቻ ይናገራል። ተመልካቹ ይህን ሳያውቀው ይማራል። የአንቺም ሙዚቃ እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ሕጉን የምታወጪው አንቺ ነሽ፣ ሙዚቀኛው አይደለም።

ስለ ቅኝት። ታሪኩ ወሎ ላይ በመሆኑ የሚቀርብልሽ ሙዚቃ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፦ ትዝታ በዋሽንት፣ ለቅሶው ላይ ማሲንቆ፣ ምናልባት የሚያዝን ሰው ሲታይ በገና። በገና የጸሎትና የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነው፤ በከድጃ ቤት ምን ይሠራል? ዐሥር አውታር ስላለውና ድምፁ ስለሚያንቀጠቅጥ ብቻ ለኀዘን ሁሉ መጥራት ስንፍና ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታ ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸውና እነሱም ይቀርቡልሻል፤ ይሁን። እኔ ግን ለሌሊቱ አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት እሞክር ነበር። ለጆሮዬ የት ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ አያስታውቅም። ለሰርግ የምናውቀው መሆኑ ደግሞ ይባስ ያምራል፤ ቤት ሙሉ ሰው እየሳቀ አይደል?

መቼ ይግባ ለሚለው፦ አሁን። ዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ሊዮኔና የሙዚቃ ደራሲው ኤንዮ ሞሪኮኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነበሩ። ሊዮኔ እ.ኤ.አ. ለ1968ቱ ትልቅ የካውቦይ ፊልሙ ሙዚቃውን ከቀረጻ በፊት አስጽፎ በመቅረጫው ሜዳ ላይ ያሰማ ነበር፤ ተዋናዮቹም ካሜራውም በእሱ ይራመዱ ነበር። አንቺ ዘንድ ያን ያህል ባይሆንም፣ ጽሑፉን ያነበበ ሙዚቀኛ «እዚህ ጋ አንድ ምልልስ አውጪልኝ፣ እኔ እገባለሁ» ሊልሽ ይችላል። አርትዖት ካለቀ በኋላ የመጣ ሙዚቀኛ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

ትኬት ቤት

ወንድሜ ከሜሪላንድ ሆኖ የካርቶን ክንፍ ያስተምረናል። ያ ፊልም እኮ ሙዚቃው ከፊልሙ እኩል የተሸጠ ነው! እኔም የምለው እሱን ነው። ሰው የሚያዜመው ነገር ስጡት።

ደግሞ ከመሃል ከተማ እስከ ዳር ያለውን የሲኒማ ተመልካች አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩት። የከድጃ ዓይነት እህት የሌለው ቤት የለም። ያ ሰው የሚመጣው ሊያለቅስ ነው። ከፍሎ መጥቶ እንባውን ብትከለክሉት ይቆጣል።

አሮጌው አርታኢ

ማንም እንባ አልከለከለም። ሙዚቃው ቀድሞ ካለቀሰ ግን ተመልካቹ ምን ይተርፈዋል? ለቅሶ ቤት ሄደህ አስለቃሿ ገና አንተ ሳትቀመጥ ብትጮህ ምን ይሰማሃል?

ትኬት ቤት

አስለቃሽ የምትጠራው ሰው ስለማያለቅስ ነው፣ ጋሼ። ሙያዋ ነው። ሙሾ አውራጇ ግጥሙን ስትደረድር ነው ደረቁ ሰውዬ የሚፈነዳው። ማጀቢያ ዘፈን ማለት ሙሾ ነው እኮ፤ ከየት የመጣ መሰላችሁ?

ዘ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን ግን አልጠበቅሁም። ትክክል ነህ። የከተማው ማጀቢያ ዘፈን ከህንድ ፊልም ብቻ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እንደገና አስብበታለሁ።

ሙሾ ግን የሚመጣው ከመርዶው በኋላ ነው። በዚህ ላይ አትከራከረኝም።

ቀለም አልባ

የፊልም ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ አስተምራለሁም። ሁላችሁም ወደ ሙዚቃው ሮጣችሁ፤ እኔ ወደ 96ቱ ገጽ ልመለስ።

በእንግሊዝኛው ልማድ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው። ይህ ልኬት ለእነሱ ፊደልና ለእነሱ የአጻጻፍ ስልት የተሰፋ ልብስ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል፤ ግሳችንም አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን አዝሎ ይሄዳል። «አልነገርኩሽም» የምትለው አንዲት ቃል ለእነሱ አምስት ቃል ናት። ተዋናይ አፍ ላይ ግን የሚወስደው ጊዜ ያን ያህል አይራራቅም። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ፣ በተለይ ንግግር የበዛበት፣ ከደቂቃ ይተርፋል። የእኔ ተማሪዎች 90 ገጽ ጽፈው ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጮክ ብለሽ በሰዓት ለኪው። ያ አራት ገጽ መርዶ ስድስት ደቂቃ ቢሆን አይገርመኝም። ስድስት ደቂቃ ሙሉ የሚናገር ሰው ደግሞ ስር ስሩ ሙዚቃ ይለምናል፤ ሙዚቃው የሚመጣው ጽሑፉ ስለደከመ ነው። ሁለቱ ጭንቀቶችሽ እዚህ ጋ ይገናኛሉ።

አሁን ዋናው። ሌሊቱን ሙሉ ይህ ቤተሰብ ስለ ሞተች ሴት በአሁን ጊዜ መናገር አለበት። «እማ ቡና ትወዳለች» እንጂ «ትወድ ነበር» ማለት አይችልም። አማርኛ የሰጠሽን ስጦታ ተመልከቺ፦ መርዶው በሙሉ «ነበር» በምትባል አንዲት ቃል ውስጥ አለ። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሳት። ሕፃን ይሁን፤ ወይም የደከመች ጎረቤት። «እማማ ይህን ምንጣፍ ይወዱት ነበር»። ከድጃ ትሰማለች፤ ምንም አትልም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሷም ትደብቃለች፦ እንዳወቀች እንዳያውቁባት። ተመላሿ «አውቄም ሳላውቅም» ያለችው ይህ አይደለም?

እንዲህ ከሆነ ንጋት ላይ ወንድሟ የሚናገረው አራት ገጽ አያስፈልግሽም። ሁለቱም ያውቃሉ። የቀረው ሥነ ሥርዓቱ ነው።

መንገደኛዋ

ሥራ ቦታ ሆኜ እያነበብሁ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምን ሆነሻል እያለኝ ነው።

ተመላሿ፣ እህቴ፣ ስለ ነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህ ለእናትሽ ጀነትን ይስጣቸው። የስልኩን ነገር በጽሑፉ ልጠቀምበት ትፈቅጂልኛለሽ?

ቀለም አልባ፣ በሰዓት ለካሁት። ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ «ነበር»ን ተመልካቹም ከከድጃ ጋር እኩል ይስማ ወይስ ከመጀመሪያው ያውቅ? አሁን ባለው ረቂቅ የመጀመሪያው ትዕይንት ከሦስት ዓመት በፊት የሆነው ቀብር ነው።

ተመላሿ

ፈቅጃለሁ። አጎቴ አያነብም።

ቀለም አልባ

ቀብሩን አስቀምጪው። ተመልካቹ ሳያውቅ ከመጣ የምታገኚው አንድ ድንጋጤ ነው፤ ካወቀ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ከጠረጴዛ ሥር ስላለው ቦምብ ሲናገር ይህንኑ ነው የሚለው፤ ሁሉም ስለሚጠቅሰው ልተወው። ግን ቀብሩን ያለ ፊት ቅረጺው። የማን ቀብር እንደሆነ በሩን ስታንኳኳ ብቻ ይግባን።

ድምፅ ያዥ

ስለ ድምፅ የተናገረ ሰው የለም፤ እንደ ልማዱ። ደሴ ሁለት ፊልም ላይ ድምፅ ቀድቻለሁ። ልብ በሉ፦ ይህ ቤት አዲስ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ከጭቃው ቤት ፈጽሞ የተለየ ድምፅ አለው። የጭቃ ግድግዳ ድምፅ ይውጣል፤ ሲሚንቶ መልሶ ይወረውራል። ከድጃ በራሷ ገንዘብ በተሠራ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋን ቃል ስትናገር ድምፅዋ እንደ ባዕድ ይመለስላታል። ይህን ማንም ሙዚቀኛ አይሠራልሽም፤ ነጻም ነው። ብቻ በአዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ መልሰሽ አታስገቢ።

ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ከተማው ይታፈናል፤ ውሻው ሩቅ ይመስላል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከመጣ ንግግር አይሰማም፤ ሰዎቹ ይጮኻሉ፤ ሲያባራ በድንገት ሁሉም እየጮኸ እንደሆነ ይታወቃል። እኔ ብሆን «ነበር»ን እዚያ ነበር የማስገባው፤ ዝናቡ ባቆመባት ሰከንድ።

ሌላው ደግሞ የፊልምሽ ሰዓት አዛን ነው። ከዒሻ፣ ከምሽቱ ሶላት፣ እስከ ፈጅር፣ እስከ ንጋቱ ሶላት። ፈጅር ሲሰማ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሙዚቀኛሽ ማንም ይሁን ማን፣ አዛኑ ዙሪያ ከፊትም ከኋላም ቦታ ይተው። ማስፈራሪያ ሙዚቃ አዛን ላይ ከደረብሽ ግን፣ ስለ ጥበቡ ሳይሆን ስለ አክብሮቱ ነው የምትጠየቂው። ከእውነተኛ መስጊድ ለመቅዳት ደግሞ አስፈቅዱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኢማሙ ሻይ ጋብዘውናል።

አሮጌው አርታኢ

ይህ ሰውዬ ሥራ ከሌለው ዛሬውኑ ቅጠሪው።

ዘ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዝናቡ ሲያባራ። ወይኔ። እኔም ደሞዜን ልመልስ።

ውል አንባቢ

ደረቅ ነገር ይዤ መጣሁ፤ ይቅርታ። ከየትኛውም ሙዚቀኛ ጋር ብትስማሚ በጽሑፍ ይሁን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ መብቱ የማን እንደሆነ ግን ለቃል ስምምነት አትተዪው። ምን እንደገዛሽ መጻፍ አለበት፦ በሲኒማ ቤት ለማሳየት ብቻ ነው? ለቴሌቪዥን? ለኢንተርኔት? ከሀገር ውጭ ለፌስቲቫል? ብዙ ሰው የሚወድቀው የመጨረሻው ላይ ነው፤ ፊልሙ ተመርጦ የሙዚቃ ማረጋገጫ ሲጠየቅ የእጅ መጨባበጥ ብቻ ይገኛል።

ማጀቢያ ዘፈን ካለ ደግሞ ግጥም ደራሲው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ድምፃዊው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። የድሮ ዘፈን እንጠቀም ካላችሁ ከእነሱ በተጨማሪ የቀረጻው ባለቤትም አለ። የደራሲው መብት እሱ ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል፤ «ሰውዬው ሞቷል እኮ» መልስ አይሆንም።

ሙዚቃው ሲረከብ የየመሣሪያው ድምፅ ለየብቻው በፋይል እንዲሰጥሽም ውሉ ላይ አስገቢ። የድምፅ ባለሙያሽ በንግግሩ ላይ የመጣውን አንድ መሣሪያ ዝቅ ለማድረግ ሙሉውን ሙዚቃ ዝቅ ማድረግ የለበትም።

መንገደኛዋ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ ከጠፋሁ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔ እንደጠበቅሁት አልሆነም።

መጀመሪያ ጽሑፉን ቆረጥሁ። የወንድሟ ንግግር ከአራት ገጽ ወደ ሦስት መስመር ወረደ። ማውጣቱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ እናትየዋ ሲሞቱ የተናገሩትን ቃል መተው ነበር። እሱን የጻፍሁት አያቴ ከሞተች በኋላ ነው፤ የእሷ ቃል ነበር። ለፊልሙ ግን አያስፈልግም። በሌላ ደብተር ጻፍሁት።

ከዚያ አዲሱን ረቂቅ ለሁለቱም ሙዚቀኞች በአንድ ቀን ሰጠሁ። ምንም አላልኋቸውም፤ «አንብቡና የመሰላችሁን ንገሩኝ» ብቻ።

ወጣቱ በአምስተኛው ቀን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ይዞ መጣ። ማሲንቆው ሰውነቴን ነዘረው። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ማልቀሴ ደስ አሰኘው። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር እየሰማሁት ሄድሁ፤ አውቶቡሱ ላይ ያለቅሳል፣ በሩ ላይ ያለቅሳል፣ ዝናቡ ላይ ያለቅሳል። «ነበር» የምትለውን ቃል በሙዚቃ ከብቦ አክሊል ደፍቶላታል። ነገርሁት። «ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለኝ፤ ተናዶ ሳይሆን ግራ ገብቶት። መልስ አልነበረኝም።

አንጋፋው ለሁለት ሳምንት አልደወለም። ንቆኛል ብዬ ነበር። አንድ ማታ ደውሎ «ነገ ከሰዓት በኋላ ነይ» አለኝ። ቤቱ ሄድሁ። ጽሑፉን በእርሳስ ሞልቶታል። አንድም ኖታ አልነበረም፤ ሙዚቃ የማይገባበትን ቦታ ነበር ምልክት ያደረገው። ከ88 ትዕይንት ሰባት ቀሩ። «እነዚህ ሰባቱ ላይ እሠራለሁ፤ ሌላው ጋ ከገባሁ ልጅቷን እከዳታለሁ» አለኝ። ዘፈኑንስ አልሁት። «ፕሮዲውሰርሽ ያለው ዘፈን ለእኔ ገንዘብ ነው፣ እሠራዋለሁ። ግን ከፊልሙ ውስጥ አይግባ። ሰው ስም ዝርዝሩን እያየ ከወንበሩ ሲነሣ ይስማው፤ ያን ጊዜ ለቅሶው የእሱ ነው» አለ። ትኬት ቤት፣ የሙሾውን ነገር ሳጫውተው ሳቀና «ሰውዬው ያውቃል» አለ።

እኔ ከወጣቱ ጋር ነበርሁ እኮ፤ ስለ አንጋፋው የነበረኝ ግምት ሁሉ ከዩቲዩብ የመጣ ነበር። አሁን አፈርሁ።

እንዲህ ተስማምተናል፦ አንጋፋው ይጽፋል፣ ማሲንቆውን ወጣቱ ይጫወታል። በጀቱ ለአንድ ነው ስል አንጋፋው የወጣቱን ድርሻ ከራሱ ቀነሰ። ወጣቱ ሁለት ቀን ካሰበ በኋላ እሺ አለ፤ ትንሽ ቅር ብሎታል፣ አልደብቅም። ፕሮዲውሰሬም ቅር ብሎታል፤ ድምፃዊው በፊልሙ ውስጥ እንዲታይ ፈልጎ ነበርና።

ቅኝቱ ገና አልተወሰነም። አንቺ ሆዬ ያልኸውን ነግሬዋለሁ፤ «የሜሪላንዱ ሰውዬ ጆሮ አለው፣ ግን እስኪ ቀረጻውን ልይ» ብሏል።

ትኬት ቤት

«ሰውዬው ያውቃል» የምትለዋን አትሜ ግድግዳዬ ላይ እሰቅላታለሁ። ዘፈኑ መቼ ይወጣል?

አሮጌው አርታኢ

ሰባት ከ88። ይህን ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ የት ነበርህ በይልኝ።

የወጣቱን ግን አትርሺው። ዐሥራ አንድ ደቂቃ በአምስት ቀን የሠራው ስለቸኮለ አይደለም፣ ስለወደደው ነው። ቀረጻ ላይ ይዘሽው ሂጂ፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር።

ድምፅ ያዥ

ዝናቡን አትመኑት። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደሴ ይዘንባል፤ እኛ ስንፈልገው ግን አቁሞ ያውቃል። ቆርቆሮ ላይ የሚረጭ የውኃ ቦቴ አስቡ፤ ጄኔሬተሩን ግን ከቤቱ ጀርባ ሁለት አጥር አሻግራችሁ አቁሙልኝ።

መንገደኛዋ

ውሉ ትናንት ተፈርሟል፤ ቦቴውም በጀቱ ላይ ገብቷል። አንድ ጉድጓድ ብቻ ቀርቶኛል። ንጋት ላይ፣ ፈጅር ከተሰገደ በኋላ፣ ጎረቤቶቹ ሲገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ለከድጃ የምትላትን መስመር ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ዘጠኝ ጊዜ ሰረዝሁ። ሁሉም የፊልም ንግግር ይመስላል።

ተመላሿ፣ ካላስቸገርሁሽ። ያን ቀን ጠዋት መጀመሪያ የተናገረሽ ሰው ምን ነበር ያለሽ?

ተመላሿ

የጎረቤታችን ሴትዮ ናቸው። ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ቁርስ ቀምሰሻል?» አሉኝ። አልቀመስሁም አልሁ። እንጀራ ቆርሰው በእጃቸው አጎረሱኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ በኋላ ቶሎ እንደማልበላ ያውቁ ነበር።